በቻት የተዋወቅነውን ሰው ምን ያህል እናውቀዋለን?

አንዲት እህት ለወንድሟ በዋትስአፕ ረዘም ያለ መልእክት ላከች። እሱ ሥራ ላይ ስለነበር «እሺ» ብቻ ብሎ መለሰ። እሷ ግን «ምን አስቀየምኩት?» እያለች ስትብሰለሰል ዋለች።

በአካል ስንነጋገር ድምፅና ፊት ቃሉን ያብራሩታል። በጽሑፍ ግን ክፍተቱን የሚሞላው አንባቢው ነው፤ ያውም በዚያች ሰዓት በያዘው ስሜት። አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አይለይም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ «ጠ» እና «ተ» እንኳ ይቀላቀላሉ።

ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የምርና የሽሙጥ አባባሎችን ለሌሎች አስተላልፈው ነበር። ላኪዎቹ 78 በመቶ ያህሉ በትክክል እንደሚገባ ገመቱ። በድምፅ የተላለፈው 73 በመቶ ገባ፤ በኢሜይል የተላከው ግን 56 በመቶ ብቻ። በጭፍን ቢገመትም እኮ 50 በመቶ ይገኛል! አንባቢዎቹም በትክክል ተረድተናል ብለው ነበር። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ መታዘዛችን እዚህ ላይ ይታወስ።

ለኔ የበለጠ የሚያሳስበው ግን ተቃራኒው ነው፤ ክፍተቱን በመልካም ብቻ መሙላት። ጆሴፍ ዋልተር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳብራራው በጽሑፍ የሚገናኝ ሰው ቃሉን መርጦና አርሞ ስለሚልክ የሚታየው ምርጡ ገጽታው ነው። ያልታየውን አንባቢው ራሱ ያሳምረዋል። ባሕረ ሰላጤው አገራት ያለች እህትና አገር ቤት ያለ ወንድም ወራት በቻት አውርተው ለኒካሕ ሲስማሙ ይህ ሁሉ አብሮ አለ። «በዲኑ ጠንካራ ነው፣ በየጠዋቱ ሐዲስ ይልክልኛል» ትላለች። ሐዲስ ፎርዋርድ ለማድረግ ግን አንድ ጣት ይበቃል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሌላውን ሰው አውቀዋለሁ ያለን ሰው ሦስት ነገር እንደጠየቁት ይተላለፋል፦ ጎረቤቱ ነህ? አብረኸው ተጉዘሃል? በገንዘብ ተገበያይታችኋል? ሰውየው ሦስቱንም «የለም» ሲል «እንግዲያው አታውቀውም» አሉት። ቻት ከሦስቱ አንዱንም አያሳይም።

ስለዚህ ወሊዩ ወይም ሌላ ዘመድ የሰፈሩን ሰው፣ የመስጂዱን ጀመዓና የሥራ ባልደረቦቹን ይጠይቅ። ችግሩ፣ የሚጠየቁት ሰዎች «ሐሜት እንዳይሆንብን» ብለው ዝም ማለታቸው ነው። ኢማሙ ነወዊ ግን ለጋብቻ ምክር ሲባል ያለውን እውነት መናገርን ከተፈቀዱት ሁኔታዎች ቆጥረውታል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስላጯት ሁለት ሰዎች ስታማክራቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሁለቱንም ጉድለት በግልጽ ነግረዋታል።