አመዳይና በረዶ ሐውልት ሲሆኑ
(ስለ ብርድ አገር ሰዎች በዓልና የአደባባይ ጥበብ)

እኛ ደገኞቹ «ብርድ» ብለን የምንጠራው የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ነው። ሌሊት ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ብዙም ሳይቆይ ጤዛ ሆኖ ይጠፋል። ይቺኑ ብርድ እንኳ ጋቢ ደርበን፣ ከምድጃው ዳር ተጠግተን «ዘንድሮስ አይጣል ነው!» እያልን እናማርራታለን። ታዲያ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ረግቶ መኪና በሚሄድበት፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20ና 30 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ሰው እንዴት ይኖራል? መኖሩስ ይሁን፤ ልጆቹን ይዞ፣ በሌሊት፣ ከቤት ወጥቶ በዓል የሚያከብረው ምን አግኝቶ ነው? እስቲ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በየፈርጁ እንየው።

ቃሉን አስቀድሞ መለየት

በቅድሚያ አንድ ችግር እናቃል። በእኛ አገር «ክረምት» ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብና የጭቃ ወቅት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ብርዱ የሚበረታው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ማለትም በእኛ በጋ ነው። መጽሐፉ ላይ «የአውሮፓ ክረምት» የሚል ያነበበ ተማሪ ጎርፍና ጭቃ ቢታየው አይፈረድበትም።

«በረዶ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ከዝናብ ጋር እየተወረወረ ቆርቆሮውን የሚደበድበውንም፣ ረግቶ እንደ መስተዋት የጠጠረውንም ውሃ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ በቀስታ የሚወርደውንም ሁሉንም በረዶ እንለዋለን። ለዚህ ለመጨረሻው ግን አባቶቻችን ያቆዩልን አንድ ጥሩ ቃል አለ፤ «አመዳይ» ይባላል። በመጽሐፍ ቅዱሱ የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ይገኛል። አልፎ አልፎ የራስ ዳሽንን ጫፍ የሚያለብሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እንደ ጥጥ የሚወርደውን አመዳይ፣ የረጋውን ውሃ ደግሞ በረዶ እያልን እንቀጥላለን። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ሳፖሮ፤ ተማሪዎች የጀመሩት በዓል

ሳፖሮ በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። በአንድ የብርድ ወቅት የሚወርድባት አመዳይ ቢደመር ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ አመዳይ መንገድ ይዘጋል፣ ጣሪያ ያጎብጣል፤ ስለዚህ እየተዛቀ አንድ ቦታ መጣል አለበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ከመጣያዎቹ አንዱ በከተማዋ መሐል ያለው የኦዶሪ መናፈሻ ነበር። አገሩ በጦርነት ተሸንፏል፤ ኑሮው ከብዷል፤ በዚያ ላይ መናፈሻው የአመዳይ መጣያ ሆኗል።

በ1950 የከተማዋ ተማሪዎች በዚሁ መጣያ ላይ ስድስት የአመዳይ ሐውልቶችን ቀርጸው አቆሙ። የተጠቀሙበት ዕቃ ሌላው ሰው «ይጣልልኝ» ያለውን ነው። ለዕቃው አንዲት ሳንቲም አልተከፈለችም። ሰዉ ግን እንደ ጉድ መጣ፤ የተመልካቹ ቁጥር 50 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። በ1953 ከፍታው 15 ሜትር የደረሰ ሐውልት ቆመ። በ1955 የአገሪቱ የራስ መከላከያ ጦር ወታደሮች አካፋቸውን ይዘው ከሥራው ገቡና ሕንፃ የሚያህሉ ሐውልቶች ይሠሩ ጀመር። በ1972 በከተማዋ 11ኛው የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ የሳፖሮ አመዳይ በዓል በዓለም ታወቀ፤ በ1974 ደግሞ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ቀራጮች የሚወዳደሩበት ክፍል ተጨመረለት። በዚያው ዓመት በነዳጅ ቀውስ ምክንያት አመዳይ የሚያጓጉዙት መኪኖች ስላነሱ፣ ለብዙዎቹ ሐውልቶች ባዶ በርሜሎች በውስጣቸው ተደርድረው ክፍተቱ እንዲሞላ ተደርጓል። «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» ማለት ይኼ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከከተማው ዳርቻ ንጹሕ አመዳይ በመኪና ይጫናል፤ ጭቃና ቅጠል የገባበት አይሆንም፣ ቆሻሻው ሐውልቱን ያበላሸዋልና። ከዚያ በእንጨት መቃን ውስጥ እየተጨመረ ይረገጣል፣ ይደለደላል። ሲጠነክር መቃኑ ይነሣና በአካፋ፣ በመጥረቢያና በመሮ ይጠረባል። ለአፍንጫ፣ ለጣት፣ ለጌጥ የሚሆነው ስስ ክፍል ደግሞ በውሃ ከታሸ አመዳይ እየተሠራ ይለጠፋል፤ ብርዱ ራሱ ስሚንቶ ይሆናል። ትልልቆቹ ሐውልቶች አንድ ወር ያህል ይፈጃሉ።

በዓሉ የሚቆየው ግን አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሲያልቅ ትልልቆቹ ሐውልቶች እንዳይናዱና ሰው እንዳይጎዱ በማግሥቱ በማሽን ይፈርሳሉ። የወር ድካም በአንድ ማለዳ! የሳፖሮ ሰው ግን አያለቅስበትም፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ አመዳይ ይወርዳል፣ ሌላ ሐውልት ይቆማል።

ሐርቢን፤ ከባልዲ የወጣ ፋኖስ

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያለችው ሐርቢን ብርዷ ከሳፖሮም ይብሳል። በጥር ወር አማካዩ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ነው። የዚህች ከተማ ጥበብ የመጣው ከድሆች ዓሣ አጥማጆች ፋኖስ ነው ይባላል። ፋኖሱ በጣም ቀላል ነው። ባልዲ ውሃ ተሞልቶ ውጭ ይቀመጣል። ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚረጋ ዳር ዳሩ ሲጠጥር መሐሉ ገና ውሃ ነው። ያን ጊዜ ከላይ ይበሳና ውስጡ ያልረጋው ውሃ ይደፋል፤ የሚቀረው እንደ ጋን ክፍት የሆነ በረዶ ነው። ሻማ ከውስጡ ሲገባበት ነፋስ የማያጠፋው መብራት ይሆናል።

በ1963 በከተማዋ በጃኦሊን መናፈሻ የመጀመሪያው የበረዶ ፋኖሶች ትርዒት ተደረገ። በባህል አብዮቱ ዘመን ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እንደገና ተጀመረ፤ ከጥር 5 ቀን 1985 ወዲህም ዓመታዊ በዓል ሆነ። ዛሬ በታኅሣሥ የሶንግኋ ወንዝ በደንብ ሲረጋ ሠራተኞች በመጋዝ እየቆረጡ እንደ ጥርብ ድንጋይ ያወጡታል። በረዶው በላይ በላይ ይደረደርና በመካከሉ ውሃ ይፈስበታል፤ ውሃው ሲረጋ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እንዲህ እየተደረገ ግንብ፣ ቤተ መንግሥት፣ ድልድይ፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት ረጅም መንሸራተቻ ይሠራል። ከውስጡ ባለ ብዙ ቀለም መብራት ስለሚገባበት ሌሊት ሲታይ ጉድ ነው።

ከሳይንሱ ጥቂት

ተማሪ «ለምን?» ማለቱ አይቀርምና መልሱን አስቀድሞ መያዝ ደግ ነው።

ወንዙ ከላይ ረግቶ ከታች ለምን አይረጋም? ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከላይ እንደ ክዳን ይሆናል፤ ዓሣውም ከሥሩ ይኖራል።

አመዳይ ነጭ፣ የወንዝ በረዶ ግን እንደ መስተዋት ግልጽ የሆነው ለምንድን ነው? ሁለቱም ውሃ ናቸው። አመዳይ የብዙ ጥቃቅን ብናኞች ክምችት ስለ ሆነ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ፊት ላይ እየነጠረ ይበተናል፤ ለዓይናችን ነጭ ይሆናል። መስተዋት ሲደቅቅ እንደሚነጣው ማለት ነው። የወንዝ በረዶ ግን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ሲረጋ አየሩንና ጉድፉን ወደ ታች እየገፋ ስለሚሄድ ጥርት ይላል።

ሐውልቱስ ፀሐይ ሲወጣ ወዲያው ለምን አይቀልጥም? አንድ ኪሎ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ ውሃነት ለመለወጥ የሚፈልገው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚበቃው ጋር እኩል ነው። ሐውልቱ በትልቅነቱ መጠን ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል ማለት ነው።

በረዶ ለግፍ የዋለበት ጊዜ

የበረዶ ጥበብ ሁልጊዜ ለደስታ ዋለ ማለት አይደለም። በ1740 የሩሲያዋ ንግሥት አና ከኔቫ ወንዝ በተቆረጠ በረዶ በሴንት ፒተርስበርግ አንድ ቤት አሠራች። አልጋው በረዶ፣ ዛፉ በረዶ፣ መድፉ እንኳ በረዶ ነበር። ነገር ግን ቤቱ የተሠራው ለፌዝ ነው። ንግሥቲቱ አሽከርና አጫዋች ያደረገችውን ጎሊትሲን የሚባለውን መስፍን በግድ ድራ፣ ሙሽራና ሙሽሪት በዚያ የበረዶ አልጋ ላይ እንዲያድሩ ዘበኛ አቆመችባቸው። እንደ ዕድል ሆኖ ነፍሳቸው ተረፈች። ሥራው እጅግ የተራቀቀ ነበር፤ ግን የአንዲት ሰው መሳቂያና የሁለት ሰዎች መከራ ሆኖ አለፈ። የሳፖሮ ተማሪዎች ሥራ ብዙ የጥበብ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ የሁሉም ደስታ ነበርና ዛሬም ድረስ አለ። የአንድ በዓል ዋጋ መመዘን ያለበት በዚህ ይመስለናል።

እኛን የሚቀርቡ በዓላት

በሩሲያ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ ነገርም አለ። የዚያ አገር ኦርቶዶክሳውያን ልደትን የሚያከብሩት በታኅሣሥ 29 አካባቢ፣ ጥምቀትን ደግሞ በጥር 11 አካባቢ፣ ከእኛ ጋር ነው። እኛ በጠራራ ፀሐይ ከባሕረ ጥምቀቱ ስንረጭ እነሱ የረጋውን ወንዝ በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡታል። ጉድጓዱን «ዮርዳኖስ» ይሉታል። ከዚያ ብዙዎች ልብሳቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላሉ! በየቦታው ከበረዶ የተጠረበ መስቀልም ይቆማል።

ከዐቢይ ጾም በፊት ደግሞ እኛ ቅበላ የምንለው ጊዜ በእነሱ ዘንድ ማስሌኒትሳ ይባላል። በዚያ ሳምንት ሥጋ ትተው በቅቤ፣ በወተትና በእንቁላል የተሠራ እንደ ፀሐይ ክብ የሆነ ቂጣ ይበላሉ፤ የብርዱ ምሳሌ የሆነውን የገለባ አሻንጉሊት ያቃጥላሉ። ከአመዳይ የተሠራ ምሽግን በፈረስ ጥሶ የመያዝ ጨዋታም ነበራቸው፤ ይህን ቫሲሊ ሱሪኮቭ የተባለው ሠዓሊ በ1891 ሥሎታል።

ብርዱንስ እንዴት ይችሉታል?

ምስጢሩ አየር ነው። ልብስ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ከመልበስ ሦስት መደረብ ይሻላል። ከውስጥ ላብ የማይዝ፣ ከመሐል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። በድርብርቡ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይጠብቃል። የእኛም ሸማኔ ጋቢን አራት ድርብ ሲያደርገው ይህንኑ ሥራ መሥራቱ ነው። ዋነኛው ጠላት እርጥበት ነው። ሮጦ ማላብና እዚያው ቆሞ መቅረት ለአደጋ ያጋልጣል። እግር፣ ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ ከሁሉ አስቀድመው ስለሚጎዱ ይሸፈናሉ። ብረት በእርጥብ እጅ አይነካም፣ ይጣበቃል። በየመሐሉም ሞቅ ያለ ቤት መግባት፣ ትኩስ ሾርባ መጠጣት ነው። ሳፖሮዎች በሚሶ በተሠራ ትኩስ የፓስታ ሾርባቸው ይታወቃሉ። የሐርቢን ሰዎች ግን በዚያ ብርድ መንገድ ላይ አይስክሬም ሲልሱ ይታያሉ። ልማድ ነው እንግዲህ!

ያንዣበበው ሥጋት

ይህ ሁሉ ደስታ የቆመው በብርዱ ላይ ነው፤ ብርዱ ደግሞ እንደ ድሮው እርግጠኛ አልሆነም። በ2020 በሳፖሮ አመዳይ ስላነሰ ከሩቅ በመኪና ማምጣት ግድ ሆኗል። በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ፣ ሕዝብ በየዓመቱ ለመንሸራተት የሚወጣበት የሪዶ ቦይ በ2022–23 የብርድ ወቅት በቂ በረዶ ስላልያዘ፣ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከፈት ቀርቷል። የምድር ሙቀት መጨመር እኛ ዘንድ ድርቅና ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ከዘር ወደ ዘር ሲተላለፍ የኖረውን ጨዋታቸውን ይነጥቃል። ምክንያቱ አንድ ነው።

ለእኛ ለመምህራን

እንግዲህ ነገ ወደየገጠሩ ትምህርት ቤት የምንሰማራ እጩ መምህራን ከዚህ ምን እንወስዳለን?

አንደኛ፣ ያላየነውን ነገር በምናየው ማስተማር እንችላለን። አንጓ አሞሌ ጨውና የተወቀጠ ጨው ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ይበልጥ እንደሚነጣ ማሳየት፣ ሁለት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ወስዶ አንዱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሌላውን ራቁቱን ትቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማስነካት፣ አመዳይንና ልብስን ከአሥር ገጽ ንባብ በላይ ያስረዳል።

ሁለተኛ፣ «መርጃ መሣሪያ የለም» የሚለውን ቋንቋ እንድንመረምረው ያደርገናል። የሳፖሮ ተማሪዎች የነበራቸው የተጣለ አመዳይ ነው። እኛ ጭቃ አለን፤ ሸክላ፣ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ቅል፣ ስንደዶ አለን። በዓመት አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ግቢ ለተማሪዎች የእጅ ሥራ ክፍት ብናደርገው፣ ወላጅ ቢጠራበት፣ ትንሹም ትልቁም የሠራውን አቁሞ ቢያሳይ ምን ይከብዳል? ዝናብ ሲመጣ የጭቃው ሐውልት ይፈርሳል። ይፍረስ! ልጁ «እኔ ሠርቼ ሰው አየልኝ» ማለትን አንዴ ከቀመሰ በሚመጣው ዓመት የተሻለ ይዞ ይመጣል።