ሰው እየወደደው የሚዘጋ ንግድ
ከአንኮበር የተነሣው የባቡር ሐሳብ ለዛሬው ባለሀብት ምን ያስተምራል?

«በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» እንዲሉ፣ አሞጋሽ ብዙ ነው፤ ወጪ የሚጋራ ግን ጥቂት። ሰው ተሰልፎ የሚሳፈርባቸው የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎች «አይዘጉብን» እየተባለላቸው የሚዘጉበት ምክንያት ሲመረመር ከዚሁ አባባል ብዙም አይርቅም።

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ «ኪንግዳ ካ» የሚባል ሮለር ኮስተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት ቁመቱ 139 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በከፍታ ከዓለም አንደኛ ነበር። ሆኖም ተሳፋሪውን የሚያስፈነጥረው የሃይድሮሊክ ማሽን ውስብስብ በመሆኑ በየጊዜው ለጥገና ይቆም ነበር። የቆመ ማሽን ደግሞ ወጪው አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ተዘጋ፤ በ2025 መጀመሪያ ማማው በፈንጂ ፈረሰ።

በፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ የነበረው «ሚስተር ቶድ» ግን የተዘጋበት ምክንያት ሌላ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት አብሮ የተከፈተ ነበር። መዘጋቱ ሲሰማ ወዳጆቹ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ተቃውሞ አደረጉ፤ ደብዳቤም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከመዘጋት ግን አላዳኑትም። ቦታው አሻንጉሊቱና ልብሱ በሱቅ ለሚቸበቸበው «ዊኒ ዘ ፑ» ተፈልጎ ነበር።

አንዱን የጥገና ወጪ፣ ሌላውን የቦታው ዋጋ አስዘጋው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ሕዝብ የሚወደው ማጓጓዣ እንዴት እንደተዘጋ ለማየት ደግሞ የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር በቂ ምስክር ነው። የእሱ ታሪክ መነሻው ሰሜን ሸዋ ነው።

ሐሳቡ አንኮበር፣ ሐዲዱ ሌላ ቦታ

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. የመጣው የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ፣ አንኮበር ድረስ ነበር። የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ያገኘው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

ከዚያ በፊት የሸዋ በር አንኮበር ነበረች። ከአምባው ግርጌ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማራገፊያ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ እዚያ ይለወጥ ነበር። መናገሻው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲዛወር፣ በኋላም ሐዲዱ በአዋሽና በሞጆ አድርጎ ሲያልፍ፣ ጭነቱ አብሮ መንገድ ቀየረ። አልዩ አምባ ይዘጋ ብሎ ያወጀ የለም። ገበያው በአዋጅ ሳይሆን በመንገድ ተቀማ።

ገበያ ሞልቶ የወደቀው ባቡር

ያ ሁሉ ጭነት የተላለፈለት ባቡርም በተራው ተቀማ። ሕዝቡ ባቡሩን ይወደው ነበር። «ሊቶሪና» የሚለው ስም ዛሬም በሽማግሌዎች አፍ አለ፤ ለገሃርም የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። በየጣቢያው የሚቸረችረው ሁሉ የሚኖረው በባቡሩ ነበር። ፍቅሩ ግን የሐዲድ መቀየሪያ አልሆነም።

በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ሐዲዱ ቀጭንና ጠባብ፣ ዕድሜው የገፋ ነበር። የድሬዳዋ ጋራዥ ባለሙያዎች የማይገኘውን መለዋወጫ ራሳቸው እየቀረጹ ባቡሩን አቆዩት።

ከሁሉ የሚያስገርመው ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ቀረ፤ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ከዚህ የተሻለ ገበያ አይመጣም ነበር። ጭነቱን የወሰደው ግን የጭነት መኪና ነው። ባለመኪናው አንድ አንድ እያለ ይገዛል፤ መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ያገኛል፤ ዕቃውን መጋዘን በር ድረስ ያደርሳል። አንድ መኪና ቢበላሽ ሌላው ያልፋል። በባቡር ግን አንድ ድልድይ ሲበላሽ መስመሩ ሁሉ ይቆማል።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመላለሰው ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ አዲስ ሐዲድ ያለው ነው፤ አሮጌውን አልተጠቀመበትም። ገዢ ሞልቶ ዕቃ ማቅረብ ያልቻለ ነጋዴ እንደሚከስር ሁሉ፣ ባቡሩም የከሰረው ተሳፋሪና ጭነት አጥቶ አይደለም።

የደብረ ብርሃን ሒሳብ

ይህ ጉዳይ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ገንዘቡን ለሚያፈስ ሰው ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቅ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች፣ በቅርብ ዓመታትም የኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባባት ከተማ ናት። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ አንኮበር አለ፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ፣ ቆላውን ቁልቁል የሚያሳየው ገደል፣ ጭላዳ ዝንጀሮውና በአንኮበር ስም የሚጠራው ብርቅዬ ወፍ ሁሉ እንግዳ ይጠራሉ። ለሎጅም ሆነ ለመጫወቻ ስፍራ የሚያስብ ባለሀብት ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ ቢያሰላ ይበጀዋል።

አንደኛው መለዋወጫ ነው። ከውጭ የመጣ ማሽን ዕድሜውን ሙሉ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። የቲኬት ዋጋ እንደዚያ በአንድ ወር በእጥፍ ልጨምር ቢሉ ልጁን ይዞ የሚመጣ አባት ይቀራል።

ሁለተኛው መሬት ነው። ከተማ ሲያድግ የመጫወቻው ሜዳ ለሕንፃና ለመጋዘን ይፈለጋል። የሊዝ ውሉ ዘመንና የቦታው አገልግሎት በወረቀት ካልታሰረ፣ ሚስተር ቶድን ያገኘው ዕጣ ይከተላል።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት፣ መንገድ ሲዘጋ እንግዳ ወዲያው እንደሚቀር በተግባር አሳይቷል። እንግዳ ቢቀርም የጥበቃና የባንክ ወለድ ወጪ አይቀርም፤ ያለ መጠባበቂያ ገንዘብ የተከፈተ ድርጅት አንድ ክፉ ዓመት አይሻገርም።

የድሮው ባቡር ባለዕዳ የሆነው ሐዲዱ ያረጀ ዕለት ሳይሆን፣ ገቢ እያለ ለሐዲዱ መቀየሪያ ያልተቀመጠለት ዕለት ነው። ከእያንዳንዱ ቲኬት ላይ ለጥገና የሚቀመጠው ድርሻ የመግቢያው ዋጋ ሲተመን አብሮ መተመን አለበት። ይህን ድርሻ የማይሸከም ዋጋ፣ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ኪሳራ እየሸጠ ነው።