የማን «እኔ»? በምስጢር የቆዩ የፖለቲካ ቅጂዎች ከሱዳን ዐረብኛ ወደ አማርኛ ሲተላለፉ

የፖለቲካ መሪዎች ለአደባባይ ሳያስቡ የተናገሩት ቃል ተቀርጾ ሲገኝ፣ ከደብዳቤና ከቃለ ጉባኤ የማይገኝ ምስክርነት ለታሪክ ጸሐፊው ይሰጣል። ሆኖም ጸሐፊው የሚጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ሳይሆን ግልባጩን፣ ከዚያም ትርጉሙን ነው። የገዳሪፍንና የምሥራቅ ሱዳንን ድንበር በሚመለከቱ ቅጂዎች ይህ መንገድ ከሱዳን ዐረብኛ ወደ አማርኛ ይሄዳል። በመንገዱም ላይ ሁለት የአማርኛ ሰዋስው ባሕርያት የተናጋሪውን ማንነትና ኃላፊነት ሊያደበላልቁ ይችላሉ።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው የሐሰን አል-ቱራቢ ምስክርነት ነው። ቱራቢ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአል-ጀዚራ ጋር ያደረጉት ረጅም ቃለ ምልልስ ለዓመታት ሳይሰራጭ ቆይቶ፣ መጋቢት 2016 ከሞቱ በኋላ ለሕዝብ ቀረበ። በዚህ ቃላቸው፣ ሰኔ 26 ቀን 1995 በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ በተደረገው የግድያ ሙከራ፣ በወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዓሊ ዑስማን ጣሃና የደኅንነት ኃላፊው ናፊዕ ዓሊ ናፊዕ እጃቸው አለበት ሲሉ ከሰዋል፤ ፕሬዚዳንት ዑመር አል-በሺር ግን አስቀድመው አያውቁም ነበር ብለዋል። ቱራቢ እ.ኤ.አ. በ1999 ከአል-በሺር ጋር ተጣልተው ከሥልጣን የተገፉ ሰው በመሆናቸው፣ ቃላቸው የባላንጣ ቃል መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም።

ጉዳዩ ለድንበሩ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። ከግድያ ሙከራው በኋላ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሻከረ፤ የጸጥታው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1996 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጣለ። በገዳሪፍ ግዛት በምትገኘው ለም የእርሻ ምድር በአል-ፋሻጋም የኢትዮጵያ ወገን ይዞታ በእነዚያ ዓመታት ሰፋ። የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወደ ስፍራው ሲመለስ፣ የሰሊጥና የማሽላ ገበሬው መሬት እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። ስለዚህ «ማን ያውቅ ነበር? ማን አዘዘ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ክብደት አለው።

የመጀመሪያው ችግር የተዘገበ ንግግር ነው። ለማሳያ የተበጀ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፤ በሱዳን ዐረብኛ «ጋል ማ ካን ዓሪፍ» ቢባል፣ ቃል በቃል «አያውቅም ነበር አለ» ማለት ነው። «ካን» ሦስተኛ መደብ ስለሆነ ያላወቀው ሰው ባለንግግሩ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተራኪው ግን ሊሆን አይችልም። ተርጓሚው ለአማርኛ ለዛ ብሎ «አላውቅም ነበር አለ» ቢል፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይለወጣል። «ሌላ ሰው» የሚለው ፍች ይጠፋል። በአንጻሩ የአማርኛ አንደኛ መደብ በ«አለ» ሥር ሲገባ ወደ ባለንግግሩም ወደ ተራኪውም ሊያመለክት ስለሚችል፣ «እኔ ተራኪው አላውቅም ነበር» የሚል አዲስ ፍች ይከፈታል። ይህ የ«እኔ» መሸጋገር በአጠቃላይ የሥነ ልሳን ጥናት ውስጥ አማርኛን ያስጠቀሰ ባሕርይ ነው። በምስክርነት ትርጉም ውስጥ ግን የአንዱን አለማወቅ ለሌላው ያሸክማል። «እንደማያውቅ ተናገረ» የሚለው አገባብ ለዛው ቢቀንስም ከዐረብኛው ጥርጥር ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ችግር አክብሮት ነው። በዐረብኛው የአንድ ሰው ንግግር «ጋል»፣ የብዙዎች «ጋሉ» ተብሎ ተለይቶ ይሰማል። በአማርኛ ባለሥልጣንን አክብሮ «አሉ» የሚል ተርጓሚ ግን አንዱን ከብዙው ጋር ያቀላቅላል። «ነገሩ ይደበቅ አሉ» ቢባል፣ አንድ ሹም ሐሳብ አቀረበ፣ ጉባኤው ወሰነ፣ ወይም እንዲያው ይወራል ማለት ሊሆን ይችላል። የግል ሐሳብና የጋራ ውሳኔ በተጠያቂነት ሚዛን እኩል አይደሉም።

ከሰዋስው በተጨማሪ ቅጂው የተቆረጠበት ስፍራም ይመዘናል። በ2006 ዓ.ም. የብአዴን ከፍተኛ አመራር የነበሩት አለምነው መኮንን በፓርቲ መድረክ የተናገሩት ድምፅ ሾልኮ ወጥቶ በባሕር ዳር የተቃውሞ ሰልፍ አስከትሏል። ከአል-በሺር መውደቅ በኋላም አል-ዐረቢያ የሱዳን እስላማዊ ንቅናቄን የውስጥ ስብሰባዎች የሚያሳዩ ምስሎች አሰራጭቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከቅንጭቡ በፊትና በኋላ ምን እንደተባለ መጠየቅ የግድ ነው። ከሪቻርድ ኒክሰን ቅጂዎች ውስጥ በሰኔ 20 ቀን 1972ቱ ንግግር ላይ የተደመሰሰው 18 ደቂቃ ተኩል፣ ዝምታም ተመዝግቦ ሊያዝ እንደሚገባ ያስተምራል።

ስለሆነም ግልባጩ በሦስት መስመር ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ በመጀመሪያው የተሰማው ድምፅ፣ በሁለተኛው መደብንና ቁጥርን የሚያሳይ የቃል በቃል ፍች፣ በሦስተኛው የተቃና አማርኛ ይቀመጣል። አክብሮት በተርጓሚው የተጨመረ ከሆነ ምልክት ይደረግበት፤ ሁለት ፍች ያለው ስፍራም ሁለቱ ፍቾች ይጻፉለት። ማን እንደቀረጸው፣ በእነማን እጅ እንዳለፈና የት እንደተቆረጠም በመግቢያው ይገለጽ። በገላባትና በመተማ መካከል ሁለቱንም ቋንቋዎች በዕለት ተዕለት ገበያ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ግልባጩን ከድምፁ ጋር እንዲያመሳክሩ ቢጋበዙ፣ ስለ መሬታቸው የተባለው ነገር በሌላ ሰው አፍ ሳይገባ ለታሪክ ይተላለፋል።