አወዳደቅን የሚያሰላ ጌም

አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ የሜዳውን ጠርዝ ይዞ ይሮጣል። ተከላካዩ ከጎን እየመጣበት ነው፤ ሊደርስበት ሁለት እርምጃ ያህል ይቀረዋል። ጆይስቲክ የያዘው ሰው የታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዞ የመጣል፣ ቁልፉን ይጫናል። በድሮው የጌም አሠራር ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ቀድሞ ያለቀ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ የሁለቱን ርቀትና አቅጣጫ ያይና ከክምችቱ አንድ ቅጂ ይመርጣል። ቅጂው ሁለት ሰዎች ምልክት የተለጠፈበት ጠባብ ልብስ ለብሰው ስቱዲዮ ውስጥ ሲጋጩ የተቀረጸ ነው፤ ሞሽን ካፕቸር የሚባለው። ችግሩ፣ ቀረጻው ላይ ሰዎቹ ተጠጋግተው ነበር፤ እዚህ ግን የሁለት እርምጃ ክፍተት አለ። ስለዚህ ተከላካዩ እግሩን ሳያነሳ ሣሩ ላይ ሸርተት ብሎ ሯጩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ቁልፎቹን ቢደበድቧቸውም ለውጥ የለም።

በእኛ እግር ኳስ ግጭት ብዙውን ጊዜ ጥፋት ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ግን ጨዋታው ራሱ ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ከዘጠኝ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ርቀት፣ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ሙከራው በአብዛኛው የሚያበቃው ኳስ የያዘው ሰው ሲጣል ነው፤ ወደፊት የደረሰበት ቦታም ይለካል። ወደፊት ተዘርግቶ የሚወድቅና እግሩን ተይዞ ባለበት የሚቀር ሰው ልዩነታቸው አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ያቺ አንድ ክንድ ግን ሌላ አራት ሙከራ ልታስገኝ ትችላለች። አወዳደቅ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ውጤት ነው።

የፉትቦል ጌሞች አውራ ማደን የተባለው ጌም ነው። የኦክላንድ ሬይደርስ አሠልጣኝ የነበሩት ጆን ማደን ስማቸውን ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ሲያውሱ፣ የኩባንያው መሥራች ትሪፕ ሆኪንስ የዘመኑ ኮምፒዩተር አይችልምና በየቡድኑ ያለውን ሰው እንቀንስ የሚል ሐሳብ ነበረው። ማደን አሻፈረኝ አሉ፤ 11 ለ11 ካልሆነ ስማቸው እንደማይገባበት ተናገሩ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1988 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ማሽኑ 22 ሰው ተሸክሞ ይሮጣል፤ ፊዚክስ ሲጨመርበት ደግሞ የ22 ሰው አጥንትና ጡንቻ።

ጨርሶ በስሌት የሚጫወት ፉትቦል የመጣው ከአሜሪካ አልነበረም። ቶርስተን ራይል ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ ሁለት እግር ያላቸው ፍጥረታት በዝግመተ ለውጥ ስልት መራመድ እንዲማሩ ያደርግ ነበር፤ የወደቁት ይጣላሉ፣ ትንሽ የተራመዱት ይራባሉ። ከዚያ ምርምር ናቹራልሞሽን የተባለ ኩባንያ ተወለደ፤ ኩባንያውም ዩፎሪያ የተሰኘውን ሥርዓት ሠራ። በግራንድ ቴፍት ኦቶ 4 መኪና ሲገጨው እጁን ዘርግቶ ራሱን ለመደገፍ የሚሞክረውን መንገደኛ ያየ ሰው ዩፎሪያን አይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርዩ ክብደት ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፦ ጭን፣ ባት፣ ደረት፣ ክንድ፣ ራስ። በመካከላቸው መገጣጠሚያ አለ፤ ጉልበት ወደኋላ እንጂ ወደፊት እንዳይታጠፍ ወሰን ይደረግለታል። እዚህ ላይ ቢቆም ሲመታ ዝርግፍ የሚል በድን ነው የሚሆነው፤ በጌም ቋንቋ ራግዶል ይሉታል። ዩፎሪያ የጨመረው በየመገጣጠሚያው ላይ ጡንቻን የሚተካ ጉልበት፣ ከዚያም በላይ ሐሳብ ነው። የሰውነቱ የስበት ማዕከል ከእግሮቹ መሐል ካፈነገጠ አንድ እርምጃ ጣል ያደርጋል። ያም ካልበቃ እጁን ወደ መሬት ይልካል። ይህ ሁሉ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እንደገና ይሰላል፤ ስለዚህ አንድ ታክል እንዳለ አይደገምም።

በዚህ ሥርዓት የተሠራው የፉትቦል ጌም፣ ባክብሬከር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤክስቦክስ 360 እና ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የአሜሪካ ፉትቦል ሊጉን፣ የኤንኤፍኤልን፣ ብቸኛ ፈቃድ በ2004 ጠቅልሎ ስለነበር ባክብሬከር እውነተኛ ቡድንም ታዋቂ ስምም አልነበረውም። ታክሎቹ ግን! ሯጩ ወገቡን ተመትቶ ይሽከረከራል፣ አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ሊተርፍ ይታገላል፣ ሁለተኛ ተከላካይ መጥቶ ሁለቱንም ይደረምሳቸዋል። ማንም ያልቀረጸው ነገር ነው።

ያም ሆኖ ጌሙ የማደንን ዙፋን አልነቀነቀም። ካሜራው ግጭቱን ለማሳየት ከተጫዋቹ ጀርባ ዝቅ ብሎ ስለተጣበቀ፣ ኳስ የሚወረውረው ኳርተርባክ ሜዳውን አጥርቶ ማየት ተቸገረ። ፉትቦል ደግሞ ግማሹ ሜዳን ማንበብ ነው። በ2011 የወጣው ተከታዩ፣ ባክብሬከር ቬንጀንስ፣ ሙሉ ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ትቶ አንድ ሯጭ ተከላካዮችን እያመለጠ የሚሮጥበትን ክፍል መሠረት አደረገ። እንደኔ ግምት ሠሪዎቹ ያኔ ለራሳቸው ሐቀኛ ሆነዋል፤ የሠሩት የታክል ጌም እንጂ የፉትቦል ጌም አልነበረም።

ማደን ወደ ፊዚክስ የገባው በ2012፣ በማደን 13 ነው። እሱ ግን ቀረጻውን አልጣለም፦ ሩጫው ቅጂ ነው፣ አካል ከአካል ሲነካካ ስሌቱ ይረከባል፣ ከዚያ ወደ ቅጂው ይመለሳል። ርክክቡ ላይ ሳቅ አልጠፋም። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ስሌቱ ሥራ መፍታት አይወድምና፣ አንዱ በወደቀው ጓደኛው እግር ተጠልፎ ይደፋል፤ ሌላው በእሱ ላይ ይደናቀፋል። በፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፊፋ 12 ተመሳሳይ የግጭት ስሌት ሲያስገባ፣ ተጫዋቾች ተቃቅፈው ሲንከባለሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ዓለምን ዞረው ነበር።

ከሳቁ በላይ የከበደው የፍትሕ ጉዳይ ነው። ፊዚክስ ክብደትና ፍጥነት እንጂ ዝና አያውቅም። 140 ኪሎ የሚመዝን ተከላካይ 95 ኪሎውን ሯጭ በደንብ ከመታው፣ በስሌት ነገሩ አለቀ። ገዢው ግን ታክል በመስበር የታወቀው ኮከብ እንዲያመልጥ ይጠብቃል፤ ለዚያም ነው በየተጫዋቹ ስም የችሎታ ነጥብ የተሰጠው። ስለዚህ ዲዛይነሩ ሚዛኑን በጣቱ ይጫናል፦ ለኮከቡ ሚዛን የመጠበቅ ጉልበት ይጨምርለታል፣ ለደካማው ይቀንስበታል። የፊዚክስ መምህር ይህን ማጭበርበር ሊለው ይችላል። እኔ ጌም መሥራት እለዋለሁ።

በ2022 ማደን 23 በተጀመረ ታክል ላይ ሌላ ተከላካይ ገብቶ ሂደቱን እንዲቀይር ፈቀደ። በ2024 የመጣው ማደን 25 ደግሞ የምቱን ጊዜ፣ ክብደትና ጉልበት ወደ ስሌቱ አስገባ። መውደቅ እንግዲህ ተሻሽሏል። ይበልጥ አስቸጋሪው መቆም ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ግዙፎቹ የመስመር ሰዎች ደረት ለደረት ገጥመው ለጥቂት ሴኮንዶች ይገፋፋሉ፤ ማንም አይወድቅም፣ እጅ ከእጅ ይጠላለፋል፣ እግር መሬት ይቧጥጣል። ለስሌት ከዚህ የባሰ የለም፤ ትንሽ ስሕተት በየቅጽበቱ ትደራረብና ሰዎቹ ይንቀጠቀጣሉ ወይም ይሰምጣሉ። ስለዚህ እዚያ ፍልሚያ ላይ ጥንድ ቅጂና የችሎታ ነጥብ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሠርተዋል። አዲስ ማደን ሲወጣ የማስታወቂያው ቪዲዮ የሚያሳየው ሯጩ ሲወድቅ ነው፤ እናንተ ግን ኳሷ ገና ስትነሳ መስመሩን እዩ።