የክንዷ ጠባሳ ባክቴሪያ

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ከሚሰፉት ወጣቶች የብዙዎቹን ክንድ ያየ ሰው አንዲት ትንሽ ክብ ጠባሳ ያገኛል። በጨቅላነታቸው የተወጉት የቲቢ መከላከያ፣ የቢሲጂ ክትባት ምልክት ናት። ኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብሯን እ.ኤ.አ. በ1980 ከጀመረች ወዲህ ቢሲጂ ለእናቶች ሁሉ የታወቀ ስም ሆኗል።

ያው ቢሲጂ የሽንት ፊኛ ካንሰርንም ያክማል። በካናዳ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳወቀ። ዕጢው ተፍቆ ከወጣ በኋላ ሕያው የቢሲጂ ባክቴሪያ በካቴተር ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ ታማሚው ሁለት ሰዓት ያህል ይዞት ይቆያል፤ በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት። የፊኛው ግድግዳ ይቆጣል፣ የሰውነት መከላከያም ነቅቶ የካንሰሩን ሕዋሳት ያጠቃል።

ተመራማሪዎቹ ካልሜትና ጌራን በፈረንሳይ 13 ዓመት ሙሉ፣ 230 ጊዜ እያዘዋወሩ ያዳከሙት ይህ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ደከመ እንጂ አልሞተም። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ካቴተሩ ሲገባ ፊኛው ከቆሰለ፣ ወደ ደም ይሻገርና ጉበት፣ ሳንባ፣ ፕሮስቴት ወይም አከርካሪ ላይ ይሰፍራል። ከዓመታት በኋላ የሚገለጥበትም ጊዜ አለ።

ላቦራቶሪው የሚፈተነው ያኔ ነው። በየሆስፒታሉ የምናውቀው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ጂን ኤክስፐርት «ቲቢ ተገኝቷል» ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ቢሲጂም የዚያው ቤተሰብ ነውና። ታማሚው መደበኛውን የቲቢ መድኃኒት ይጀምራል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ፒራዚናማይድ ግን ቢሲጂን በተፈጥሮው አይነካውም። በካልቸር ያደገውን ባክቴሪያ የሚለየው ፈጣን የኤምፒቲ64 ምርመራ ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል፤ አንዳንድ የቢሲጂ ዝርያዎች ኤምፒቲ64 የተባለውን ፕሮቲን ስለማያመርቱ ውጤቱ «ቲቢ አይደለም» የሚል ይመስላል።

እውነቱን የሚናገረው ዘረመሉ ነው። ቢሲጂ ሲዳከም አርዲ1 የሚባለውን የዘረመል ቁራጭ አጥቷል፤ በፒሲአር ሲታይ ያ ቦታ ጎድሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ግቢ የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከከብትና ከሰው የተገኙ የቲቢ ዝርያዎችን እንዲህ ባሉ የጎደሉ ቁራጮች ሲለይ ኖሯል። ዕውቀቱ እዚሁ አለ።

ችግሩ ናሙናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት መሆኑ ነው። ስድስት ሳምንት የተጠበቀ ካልቸር ባዶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ የምሳሳለት በምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ሐኪሙ የሚጽፈው አንድ መስመር ነው፦ «ፊኛው ውስጥ ቢሲጂ ተሰጥቶታል»። ያን ያነበበ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጂን ኤክስፐርቱ ቲቢ ቢልም እዚያ አይቆምም፤ ከናሙናው ለአርዲ1 ምርመራ የሚሆን ያስቀራል።