የጉሩ ጥያቄ በሻሸመኔ

ከአዳማ ተነስቶ በመልካሳ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ በቆጂን፣ ዶዶላንና ኮፈሌን አልፎ ሻሸመኔ ይገባል። በዚህ መስመር ላይ መንፈሳዊ መሪ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ኦርቶዶክሱ የንስሐ አባቱን ያማክራል፣ ሙስሊሙ ሼኹን ይጠይቃል፣ ፕሮቴስታንቱ ፓስተር አለው፣ የዋቄፈና ተከታዩም ቃሉ የሚባለውን መሪ ያከብራል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ሲደርሱ ግን አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ እኛ በንጉሥነት የምናውቃቸውን አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ እምነታቸው በጃማይካ የተወለደው ራስተፈሪያኖች እንዴት አምላክ ይላሉ?

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ በጃማይካዊው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ በማርከስ ጋርቬይ ይጀምርና በ1930ው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ያበቃል። (ዓመቶቹ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ይህ መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕንድን ይዘላል።

በእንግሊዝ ግዛት ባርነት ከቀረ በኋላ የጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሠራተኛ አጡ። ከ1845 ጀምሮ ከ36 ሺህ በላይ ሕንዳውያን በኮንትራት ወደ ደሴቲቱ ተጓዙ፤ አብዛኞቹ ሂንዱዎች ነበሩ። አማልክታቸውን፣ በዓላቸውንና ጋንጃ የሚሉትን ቅጠል ይዘው ሄዱ። መምህርን የማክበር ልማድም አብሯቸው ተሻገረ።

ይህ ልማድ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በሂንዱ ወግ ጉሩ ትምህርት ሰጥቶ የሚሄድ አስተማሪ ብቻ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ተማሪው መምህሩ ቤት ገብቶ፣ እንጨት እየለቀመና ከብት እየጠበቀ ይማር ነበር፤ የቆሎ ተማሪን ከየኔታ ጋር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ የሂንዱ የአስተምህሮ ወገኖች አምላክ ለደቀ መዝሙሩ በመምህሩ በኩል ይገለጣል ብለው ያስተምራሉ፤ ስለዚህም ደቀ መዝሙሩ በጉሩው እግር ሥር ይሰግዳል። በየዓመቱ በአሻዳ ወር ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ለመምህራን የሚከበር በዓል አለ። ማን ጉሩ ነው፣ ማን አይደለም ብሎ የሚወስን ማዕከላዊ ሲኖዶስ ግን የለም። ሰው መምህሩን የሚመርጠው ራሱ መርምሮ ነው፤ ታዋቂው የሂንዱ መነኩሴ ቪቬካናንዳ እንኳ መምህሩን ራማክሪሽናን ደጋግሞ እየፈተነና እየተከራከረ ነበር የተቀበለው።

ምርመራው ሲቀር የሚመጣውን አደጋ ሕንድ ታውቀዋለች። በሚሊዮን የሚቆጠር ተከታይ አለኝ ይል የነበረው ጉርሚት ራም ራሂም በ2017 ሴት ተከታዮቹን በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ። ፍርዱ ሲሰማ በተነሣው ሁከት ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ማን ጉሩ ይሁን ለሚለው ጥያቄ የሲክ እምነት ሌላ መልስ አለው። ከጉሩ ናናክ (1469–1539) ጀምሮ አሥር ጉሩዎች ተከታትለው መሩ። ናናክ ገና ከጅምሩ ወንበሩን ለልጆቹ ሳይሆን ለደቀ መዝሙሩ ለአንጋድ ሰጠ። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 ኻልሳ የተባለውን የሲኮች ማኅበር ሲመሠርት አምስት ሰዎችን በአዲስ ሥርዓት አስገባ፤ ወዲያው እሱ ራሱ ፊታቸው ቀርቦ እንዲያስገቡት ለመናቸው። በ1708 ከመሞቱ በፊት ደግሞ ከእርሱ በኋላ ሰው ጉሩ እንደማይኖር አስታወቀ። ጉሩነቱ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ለተባለው መጽሐፍ ተላለፈ። መጽሐፉ 1430 ገጽ አለው፤ ከጉሩዎቹ መዝሙር ሌላ የሂንዱና የሙስሊም ቅዱሳን መዝሙሮችንም ይዟል። በእኔ እይታ ይህ ውሳኔ በሃይማኖት ታሪክ ውስጥ ከታዩት ደፋር ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ ሥልጣኑ በእጁ የነበረ ሰው ከእርሱ በኋላ ማንም ሰው እንዳይቀመጥበት ወንበሩን ዘጋ።

ወደ ጃማይካ እንመለስ። የአፄ ኃይለ ሥላሴን አምላክነት ቀድመው ከሰበኩት አንዱ ሌናርድ ሃወል ነው። በ1934 በአመፅ ቅስቀሳ ተከሶ ታሰረ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የታተመችውን ትንሽ መጽሐፉን ያወጣው በገዛ ስሙ አልነበረም፤ ጋንጉንጉሩ ማራግ በሚል የብዕር ስም ነበር። ማራግ የጃማይካ ሕንዶች የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው ጉሩም በግልጽ ይሰማል። በጃማይካ የኖሩት ተመራማሪዎች አጃይና ላክሽሚ ማንሲንግ ከዚህ ተነስተው የራስተፈሪያን ጋንጃ፣ የተገመደ ጸጉርና በሰው የተገለጠ አምላክ የሚለው እምነት ከሂንዱ ሠራተኞች ብዙ ወስዷል ብለው ጽፈዋል። ሌሎች ምሁራን ግን መጽሐፍ ቅዱስንና የጋርቬይን ንቅናቄ ያስቀድማሉ። የጸጉሩ ማስረጃ ደካማ ይመስለኛል፤ ሲኮችም ጸጉራቸውን አይቆርጡም፣ ራስተፈሪያኖቹም ለራሳቸው ጸጉር የሚጠቅሱት የኦሪት ዘኍልቍን የናዝራዊ ስእለት ነው። የብዕር ስሙ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1966 ጃማይካን ጎበኙ። በቀጣዩ ዓመት ለካናዳ ሬዲዮ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ሟች ሰው መሆናቸውን ተናገሩ። በ1970፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማንደፍሮ ወደ ጃማይካ ተልከው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተጠመቁ፤ ቦብ ማርሌም በ1980 በእርሳቸው እጅ ተጠምቋል። ሌሎች ግን ቤተ ክርስቲያኗ የንጉሡን አምላክነት ስለማታስተምር ጥምቀቱን አልተቀበሉም። ጉሩው ራሱ አምላክ አይደለሁም ሲል ደቀ መዝሙሩ ምን ያደርጋል? ማኅበረሰቡ እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማም። ንጉሡን የክርስቶስ ዳግም ምጽአት የሚሉ አሉ፤ የተቀባ ንጉሥና መምህር እንጂ አምላክ አይደሉም የሚሉም አሉ።

በሻሸመኔ ግን እምነቱ ከመሬትና ከወረቀት ጋር ተጣብቋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን በኩል ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ነበር፤ ራስተፈሪያኖቹ የሰፈሩትም በዚሁ መሬት ላይ ነው። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ አብዛኛውን ወሰደው። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ዜግነትን በትውልድ ቦታ አይሰጥም፤ ከወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት። ስለዚህ ሻሸመኔ ተወልደው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ ያደጉ ልጆች የውጭ ዜጋ ሆነው ቀሩ። በ2017 መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። መታወቂያው ያለ ቪዛ መኖርንና መሥራትን ይፈቅዳል፤ መምረጥን ግን አይፈቅድም።

ጎረቤቶቻቸው ጃንሆይ አምላክ አይደሉም ብለው መከራከራቸው ተገቢ ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው ብለውታል። ይህ ክርክር ግን የልጆቹን ወረቀት ማዘግየት የለበትም። ሻሸመኔ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ማንንም ጉሩ አድርጎ ይያዝ፣ ዜግነት የሚያገኝበት ግልጽ መንገድ በሕግ ሊበጅለት ይገባል።