ጊታሩን የያዘው ሰውና የኧርዙ መስመር

ጊታሪስቱ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አንግቶ ክሮቹን ሳይነካ ሲቆም ከማጉያው ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ይሰማል። እጁን ክሮቹ ላይ ሲያሳርፍ ይቀንሳል። ብዙዎች ይህን አይተው ሰውነቱ ጫጫታውን ወደ መሬት አወረደው ይላሉ። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። በተለመደው ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ሽቦው ከ7,000 እስከ 8,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። የብረት ክር ማግኔቱ አጠገብ ሲሆን እሱም ማግኔት ይሆናል። ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ ይለዋወጣል፤ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ይህ ለውጥ ቮልቴጅ ይወልዳል። የናይለን ክር ብንወጥርበት ፒክአፑ ምንም አይሰማም።

ቮልቴጅ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ ጥቅሉ ሁለት ጫፎች ያስፈልጉታል። አንዱ በድምፅ መቆጣጠሪያው አልፎ ገመዱ ወደሚሰካበት ጃክ ጫፍ ይሄዳል። ሌላው ግራውንድ ነው፤ የምልክቱ መመለሻና መለኪያ። ከዚሁ ግራውንድ ጋር የመቆጣጠሪያዎቹ ብረት፣ የገመዱ መሸፈኛ ሽቦ፣ እንዲሁም ክሮቹን ከሚሸከመው ብሪጅ ሥር የተደበቀች አንዲት ሽቦ ይገናኛሉ። ክሮቹን ከግራውንድ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት።

በአገራችን ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ያለው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። የሰው ሰውነት ይህን መስክ ተቀብሎ፣ በቅርበቱ ምክንያት፣ ወደ ፒክአፑ ያሻግረዋል። ክሩን ሲነካ ግን ሰውነቱ ከግራውንዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ጫጫታ አቀባይ የነበረው ጋሻ ይሆናል። ስለዚህ ግራውንድ የሚያገኘው ሰውየው ነው፤ ሰጪው ጊታሩ። ከትራንስፎርመር የሚመጣ መግነጢሳዊ ጉምጉምታ ግን በዚህ አይጠፋም። እሱን ለማጥፋት የጊታር አምራቹ ጊብሰን ባልደረባ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አያይዞ ሠራ።

የሚያስጨንቀው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የክሮቹ ሽቦ በገመዱ በኩል ከማጉያው የብረት አካል ጋር ይያያዛል፤ ያ አካል ደግሞ በስፒናው ኧርዝ ወደ መሬት ይወርዳል። ጉምጉምታ ለመቀነስ ብሎ ኧርዙን የሚያቋርጥ ሰው፣ ማጉያው ውስጥ ብልሽት በተፈጠረ ቀን ክሮቹ ላይ ገዳይ ቮልቴጅ እንዲደርስ ይፈቅዳል። እጁ ክሩ ላይ፣ ከንፈሩ ማይክሮፎኑ ላይ ከሆነ፣ አንዱ ኧርዝ ያጣ ቀን ዑደቱ የሚዘጋው በደረቱ ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ውስጥ መድረክ ላይ ኧርዝ ያልነበረው ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል።

ሁለት ማጉያዎች በመያያዛቸው የሚመጣ ጉምጉምታ ካለ ኧርዙን ከማቋረጥ ይልቅ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ማብራት፣ ካልበቃም በምልክቱ መስመር ላይ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ይሻላል። አዲስ መድረክ ላይ የተገኘ ጊታሪስት ደግሞ ከመዝፈኑ በፊት በመለኪያ በክሮቹና በማይክሮፎኑ መካከል ቮልቴጅ አለመኖሩን ያረጋግጥ።